የማትሞተዋ ግልገል

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ገደማ ከሠራሁበት ሆስፒታል አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቤቴ ድረስ መጣች። አዲስ ተቀጣሪ ናት። ቁም ሣጥኔ ላይ በነጠላ የተሸፈነ የጌም ማሽን እንዳለኝ ሰው ነግሯት ኖሮ፣ አይታው ለሥራዋ የሚሆን ከሆነ እንዳውሳት ፈልጋ ነው። አውርጄ ሰጠኋት። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው፣ ጥቂት ተጫወተች፣ ፊቷም ፈካ። ከዚያ ጆይስቲኩን አስቀመጠችና ግራ እንደገባው ሰው አየችኝ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ሲያዩት ደስ ይላል» አለችኝ። «ግን በጣም ቀላል ነው። ሰው አይሸነፍበትም። አሁን ሁሉም በስልኩ ስንት አስቸጋሪ ጨዋታ ይጫወታል። ይኼ ዛሬም ይረባል ይላሉ?»

ይህንኑ ጥያቄ እኔም ድሮ ጠይቄዋለሁ፤ ያውም አንጀቴ እያረረ። ማሽኑ ለጊዜው እኔ ዘንድ ይቆይ አልኳትና መልሱን ቁጭ ብዬ ልጽፍላት ወሰንኩ። ከሥራዬ መጀመሪያ ካልተነሳሁ ግን የምለው አይገባትም።

ሥራ የያዝኩት የወታደሩ መንግሥት በወደቀ ሰሞን ነው። ላሊበላ ተወልጄ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ብዙ ዓመት ቤት ተቀምጬ ነበር። አንድ የውጭ ምግባረ ሠናይ ድርጅት ከገበያው በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ የማገገሚያ ቤት ከፈተ። ከጦርነት ቆስሎ የተመለሰው፣ እሳት የበላው፣ ከገደል የወደቀው፣ ግማሽ ጎኑን የያዘው ሁሉ እዚያ ይመጣል። እኔ የገባሁት ለጽዳት ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለእህል ይበቃ ነበር፤ ከዚህ በላይ ስለ ደመወዝ የማወራው የለኝም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ አስናቀ ናቸው። ድሬሰር ነበሩ። በወታደርነት ዘመናቸው ግንባር ላይ ቁስለኛ ሲያክሙ ኖረው፣ ጦሩ ሲበተን በእግራቸው ወደ ላስታ የተመለሱ ሰው ናቸው። ረጅምና ዝምተኛ ነበሩ፤ ካኪ ካፖርታቸውን በበጋም አያወልቁም። አንድ ቀን ወለል ስወለውል፣ ጨርቁን ስጨምቅ በሩ ላይ ቆመው አዩኝና ነገ እጅሽን ታጥበሽ እኔ ክፍል ግቢ አሉኝ። ለምን እንደመረጡኝ አልነገሩኝም። የእጄን አንጓ ጉልበት አይተው ይመስለኛል። እኔ ግን ያን ቀን ከሰው ሁሉ ተለይቼ የተጠራሁ መስሎኝ፣ ቤቴ ስገባ እናቴን ጮክ ብዬ ነበር የጠራኋት።

የጋሽ አስናቀ አሠራር አሁንም በዓይኔ ላይ አለ። በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ከሰል ላይ ያሞቃሉ። መጀመሪያ የሚይዙት ደህናውን እጅ ነው። ጣት በጣት እያጠፉ፣ እየዘረጉ ያዩታል። የታመመው እጅ ጤነኛ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር ወንድሙ ይነግርሻል ይሉኝ ነበር፤ ወንድሙ የሚሉት ደህናውን እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ወደታመመው ይዞራሉ። እሱን ሲስቡ ግን ዓይናቸው የበሽተኛው ፊት ላይ ነው። ግንባሩ ሲቋጠር፣ ከንፈሩ ሲሳብ ያቆማሉ። ትንፋሹ እስኪመለስ ይጠብቁና እንደገና ይጀምራሉ።

ሰም ማቅለጥም ከሳቸው ነው የተማርኩት። ሰሙን በብረት ድስት አቅልጠን ዘይት እንጨምርበታለን። ዘይቱ ካነሰው ቆዳ ያቃጥላል፣ ከበዛበት እጅ ላይ አይረጋም። ልኩን ጋሽ አስናቀ በክርናቸው ይሞክሩታል። በሽተኛው እጁን ነከር ያደርግና ያወጣል፣ ደግሞ ይነክራል፤ ሰሙ ተደራርቦ እንደ ጓንት ሲሆንለት በጨርቅ እንጠቀልለዋለን። ሲላጥ እጁ ቀልቶና ለስልሶ ይወጣል፤ የመዘርጋቱ ሥራ የሚጀመረው ያኔ ነው። ድጋፍ ለሚያስፈልገው ደግሞ የፕላስቲክ ውኃ ቱቦ ሰንጥቀን፣ ወላፈን ላይ አለስልሰን፣ በክንዱ ቅርፅ እንሠራለታለን። በዚህ በኩል የሚስተካከለኝ አልነበረም። የኔ ድጋፍ ጠርዙ ቆዳ አይቧጭርም፤ ይህን ዛሬም ሳላፍር እጽፈዋለሁ።

ጋሽ አስናቀ ታዲያ ምስጋና አያውቁም። ሥራው ካማረ «ይሁን» ይላሉ። ካላማረ ዝም ይላሉ። እኔ ዓመታት በ«ይሁን» ኖርኩ፤ አንድ ቀን ከዚያ ከፍ ያለ ቃል ከአፋቸው ይወጣል እያልኩ።

ከባዱ ውድቀቴ የመጣው እሳቸው ለዓይን ሕክምና ደሴ በሄዱበት ሰሞን ነው። ከሙጃ እትዬ ጥሩዬ የሚባሉ ሴት መጡ። የሚጥል በሽታ ነበረባቸውና ምድጃ ላይ ወድቀው ቀኝ እጃቸው ተቃጥሏል። ቁስሉ ቢሽርም ጠባሳው ጣቶቻቸውን ወደ መዳፋቸው እየሳበ ነው። እትዬ ጥሩዬ በፈትል የተመሰገኑ ናቸው። ልጃቸውን ሊድሩ ነበርና የሙሽራይቱን ቀሚስ ፈትል ራሳቸው ለመፍተል ቆርጠዋል። ጋሽ አስናቀ ቆዳው ገና ጥሬ ነው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ብቻ በይ ብለውኝ ነው የሄዱት።

እኔ ቸኮልኩ። እትዬ ጥሩዬም ቸኮሉ። ሳቢው ልጄ፣ እችለዋለሁ ይሉኛል፤ ነጠላቸውን በጥርሳቸው ነክሰው። እኔም ጣቶቹ ሲፍታቱ እያየሁ፣ ጋሽ አስናቀ ሲመለሱ የተዘረጋ እጅ ላሳያቸው እየጓጓሁ ሳብኩ። ከመሃል ጣታቸው ሥር ጠባሳው ተሰነጠቀ። ቁስሉ አመረቀዘ። በጨርቅ ጠቅልለን ስንጠብቅ፣ ጣቶቹ ከቀድሞው ይልቅ እየታጠፉ ሄዱ።

ጋሽ አስናቀ ተመልሰው እጁን ፈትተው አዩት።

«ስትስቢ ፊታቸውን አይተሻል?» አሉኝ።

«እጃቸውን ነበር የማየው» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ቁስሉን ራሳቸው ያጥቡ ጀመር፤ እኔን ውኃ እንኳ አላስያዙኝም። እጁ ግን እንደተጨበጠ ቀረ። የሙሽራይቱን ቀሚስ ፈትል ሌላ ሴት ፈተለችው። በኋላ እትዬ ጥሩዬን ገበያ አገኘኋቸው፤ በግራ እጃቸው ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝና እግዜር ያለው ነው፣ አንቺ ምን ታደርጊ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ተጠነቀቅሁ። ቢሆንም አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣም፤ ሥራ ማለት ትግል ነው፣ በሽተኛ ካልተጨነቀ አይድንም የሚል። ጋሽ አስናቀ አርጅተው ሥራ ሲለቁ፣ በሳቸው ቦታ እኔ እንደምተካ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም ነበር። ቤቱን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። የድርጅቱ ኃላፊ ግን ዲፕሎማ ያላት ልጅ ከመርሳ አምጥቶ ከበላዬ አስቀመጠ። ስሟ ሶፊያ ነው።

ሶፊያን መጥላት ከባድ ነበር። ለዚህም ነው የጠላኋት። ሁሉ ነገር ይቀላታል። እኔ በስንት ወር የማልይዘውን የበሽተኛ ስም በአንድ ሰላምታ ትይዘዋለች። አርፍዳ ትመጣለች፣ ኃላፊው ሊቆጣት ይነሳና ስቆ ይቀመጣል። በሽተኛውን ሁሉ፣ አይዟችሁ ለማለት፣ «አብሽሩ» ትለዋለች፤ ይህቺን የወሎ ቆላ ቃል ከሷ አፍ ሲሰሙ የላስታ ገበሬዎች እንኳ አብሽሪ፣ አብሽሪ እየተባባሉ ይሳሳቁ ጀመር። ለሷ እንቁላል ያመጡላታል፣ ማር ያመጡላታል። ለኔ ከወንበራቸው ብድግ ይሉልኛል። ድጋፍ ስትሠራ ግን ጠርዙ እንደ መጋዝ ነው። እኔ ነኝ ማታ ማታ በሞረድ የማስተካክልላት። እሷም አይታ እንዳላየች አትሆንም፤ እትዬ ዘነቡ እጅዎን ይባርከው ብላ በሰው ፊት ታመሰግነኛለች። ያ ደግሞ ይብስ ያቃጥለኝ ነበር፤ ለመቀየም እንኳ ቦታ አትሰጠኝም።

በዚያን ዘመን መምሬ ተክሌ የሚባሉ ቄስ በኔ እጅ ነበሩ። ከይምርሐነ ክርስቶስ በታች ካለ መንደር በበቅሎ አምጥተዋቸው፣ ከተማ ዘመድ ቤት አርፈው ይመላለሳሉ። ቀኝ ጎናቸውን ይዟቸው እግራቸው ቢመለስም እጃቸው ጨብጦ ቀርቷል። በሽተኛ እንዲህ ሲሆን እጁ መዝጋት ያውቃል፤ መክፈት ነው የሚጠፋበት። መስቀል ቢያስይዟቸው ይይዛሉ፣ ግን ሊለቁት አይችሉም፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ መፈልቀቅ ያስፈልጋል። አንድ ቀን ምእመን ፊት ይህ ደርሶባቸው፣ ሰው ዘሎ እጃቸውን ሲፈለቅቅ አይተው ከዚያ ወዲያ መስቀሉን በልጃቸው ያስይዙ ነበር። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እኔም ምዬላቸው ነበር፤ ያን እጅ አስከፍታለሁ ብዬ። ሰሙን አሞቅሁ፣ አሸሁ፣ ድጋፍ ሠራሁ። አንጓቸው ተፍታታ። ጣታቸው ግን እምቢ አለ።

ሶፊያ ማሽኑን ያመጣችው ያን ጊዜ ነው። ወንድሟ ወልድያ ላይ ጌም ቤት ነበረው፤ ሲዘጋው አንዱን ማሽን ከአንዲት ሲዲ ጋር ሰጣት። ድርጅቱ ለስብሰባ የገዛው ቴሌቪዥን ስለነበር እሱ ላይ ሰካችው። ጨዋታው ስለ አንዲት ነጭ ግልገል ነው፤ አንገቷ ላይ ቀይ ክር አለ። ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ፣ ከደመና ወደ ደመና እየዘለለች ቃጭል ትሰበስባለች። ሙዚቃው ዋሽንት ይመስላል። ቁልፉን ሲጫኑት ግልገሏ ታጎነብሳለች፣ ሲለቁት ትዘላለች። ከገደል ብትወድቅ ትልቅ ወፍ ከሥር መጥቶ ጀርባው ላይ ይቀበላትና ወደነበረችበት ይመልሳታል። አትሞትም። ውድቀቷ አይቆጠርባትም። ሰዓት የለባትም። ያለው ይኸው ነው።

ሶፊያ ጆይስቲኩን ከጣውላ ጋር አሰረችው፤ በሽተኛው ደህናውን እጁን አቅጣጫ መምሪያው ላይ፣ የታመመውን ስፖንጅ ላይ አሳርፎ ቁልፏን እንዲጫን አድርጋ። ሰዉ ጉድ አለ። ከብልባላ የመጡ አንድ ገበሬ የየት አገር ፍየል እንዲህ እንደምትዘል ጠየቁና ያ ሁሉ በሽተኛ በሳቅ ፈነዳ። ክፍሏ በር ላይ ሰው ይጋፋ ጀመር። የኔ ክፍል ውስጥ ሰሙ ይፈላል፣ ድስቱ ይንጣጣል፣ ከግድግዳው ማዶ ሳቅ ይሰማል።

አንድ ጠዋት መምሬ ተክሌ ሰሙ ተልጦላቸው፣ እጃቸውን ለኔ በመዘርጋት ፈንታ ወደ ግድግዳው አዩ።

«ልጄ፣ ቅር ካላለሽ ዛሬ ግልገሏ ዘንድ ልሂድ?» አሉኝ።

ቅር እንዳላለኝ ነገርኳቸው። ጠቅልዬ ያስቀመጥኩትን ጨርቅ ዘርግቼ እንደገና ጠቀለልኩት። ያን ጊዜ የተሰማኝን በሌላ ስም ልጠራው አልችልም፤ ቅናት ነው። ባል ወደ ሌላ ሴት ሲሄድ እንዲህ ያደርግ እንደሆን አላውቅም፤ እኔ አግብቼ አላየሁም። በሽተኛዬን ግን ግልገል ነጠቀችኝ፤ ያውም የቴሌቪዥን ግልገል።

ከዚያ በኋላ በየአጋጣሚው መናገር አበዛሁ። የማይወድቁበት ጨዋታ ምን ጨዋታ ነው? ይኼ ሰው ማታለል ነው፤ ያዝናናል እንጂ አይፈውስም እል ነበር። ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ለመብራት የሚወጣውን አነሳሁ። ሶፊያ ሰምታ መጣችና አልተቆጣችም። ቀላል መሆኑን እንደምታውቅ፣ የወደደችውም ለዚያ እንደሆነ ነገረችኝ። ለምን እንደሆነ ግን ልታስረዳኝ አልቻለችም። «እኔንጃ እትዬ፤ ወላሂ ደስ ሲላቸው እጃቸው የሚሰማኝ ሌላ ነው» ብላ ተወችው። እኔም ይኼው ነው እውቀቷ ብዬ ውስጥ ውስጡን ደስ አለኝ።

ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጋሽ አስናቀ መጥተው ይዩት። እሳቸው ያንን ማሽን ሲያዩ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ምን እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ቤታቸው ሄጄ ከለቀቁ ወዲህ ሥራ ቤቱ እንደናፈቃቸው፣ ሰዉም እንደሚጠይቃቸው አስመስዬ ለምኜ አመጣኋቸው። ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ከዘራቸውን ይዘው ሶፊያ ክፍል ገቡና ማዕዘን ላይ ተቀመጡ። መምሬ ተክሌ ይጫወታሉ። ሶፊያ ከጎናቸው ቁጭ ብላ፣ እጇን ከክንዳቸው ሥር አድርጋ፣ አብሽሩ አባ፣ እሷ ትጠብቅዎታለች፣ ሲመችዎ ይልቀቋት ትላለች።

ጋሽ አስናቀ ቴሌቪዥኑን አላዩም። የመምሬን ፊት ያያሉ። ከዚያ እጃቸውን። ከዚያ የሶፊያን ዓይን፤ እሷም የመምሬን ፊት ነበር የምታየው። መምሬ ቃጭሏን ይዘው በሳቅ ሲያስሉ፣ ጋሽ አስናቀ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና በሩ ላይ፣ እኔ በቆምኩበት፣ ወደ ልጅቷ ዘወር አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ የሚያድን እጅ አለሽ» አሏት።

ለኔ «ደህና ዋይ» ብለውኝ ሄዱ። ያንን ቃል ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። እሷ ክብደቱ እንኳ አልገባትም፤ እግዜር ይስጥልኝ አባባ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግሥቱ ከተማ ውስጥ ካለው ጌም ቤት ሌላ ሲዲ ተዋስኩ። እሱም የመዝለል ጨዋታ ነው፤ ቁልፉም እንደ ግልገሏ ሲለቁት ነው የሚያስዘልለው፤ ግን አስቸጋሪ። እሾህ አለበት፣ እሳት አለበት፣ ሰዓት ይቆጥራል፣ አንዴ ከተሳሳቱ ሰውየው ይሞትና ከመጀመሪያው ይነሳል። ሶፊያ ለስልጠና ወልድያ በሄደችበት ቀን ማሽኑን ከነቴሌቪዥኑ ወደ ክፍሌ ወስጄ፣ መምሬን ጠርቼ፣ እውነተኛው መድኃኒት ይኼ ነው ብዬ አስቀመጥኳቸው። ምንም ክፋት አላሰብኩም። ጨዋታ ካላስጨነቀ እንደማይጠቅም አምን ነበር። ከዚያም በላይ በኔ ክፍል፣ በኔ ጨዋታ እንዲድኑ ፈልጌያለሁ።

መምሬ ጀመሩ። ሰውየው ወደቀ። እንደገና ጀመሩ፤ እሾህ ወጋው። ሰዓቱ ጢጥ ጢጥ ይላል። ያን ቀን ግን ጋሽ አስናቀ እንዳስተማሩኝ ፊታቸውን አየሁ። ግንባራቸው ተቋጥሯል። ወደ እጃቸው ብመለከት አውራ ጣታቸው መዳፋቸው ውስጥ ገብቶ፣ ሌሎቹ ላዩ ላይ ተቆልፈውበታል። ክንዳቸው እስከ ትከሻ ድንጋይ ሆኗል። ቁልፉን ተጭነው መልቀቅ አልቻሉም። ልክ ምእመን ፊት መስቀሉን እንደያዙት። ሰውየውም እሳት ውስጥ ገባ።

እጃቸውን ከጣውላው ላይ በግራ እጃቸው አነሱና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይኼኛው ሞተብኝ» አሉኝ። «በዚህ እጅ መስቀል ነው የያዝኩበት፤ ነፍስ ባጠፋበት ደስ አይለኝም። ያቺን አምጪልኝ።»

እየቀለዱ ነበር፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። ሲዲውን ቀየርኩ። የግልገሏ ዋሽንት ተነሳ። እጄን እንደ ሶፊያ ከክንዳቸው ሥር አስገባሁ። ድንጋዩ ቀስ እያለ ሲላላ በመዳፌ ተሰማኝ። ግልገሏ አጎነበሰች። መምሬ ጠበቁ፣ እሷም ጠበቀቻቸው፤ የሚያስቸኩላት ነገር የለም። ከዚያ ጣታቸው ተነሳ። በሰም፣ በእሽት፣ በድጋፍ ያላስነሳሁት ጣት እንደ ቅጠል ተነሳና ግልገሏ ዘለለች። የሚፈራ እጅ እንደማይከፈት ያን ቀን በመዳፌ አወቅሁ። ጋሽ አስናቀ ፊት እያዩ ሲያቆሙ የነበረው፣ ሶፊያ እኔንጃ ብላ የተወችው ነገር ይኸው ነው። እሷ ሳትማረው ያወቀችውን፣ እኔ ዕድሜዬን ፈጅቼ ደረስኩበት።

ስትመለስ ምንም አልነገርኳትም። መምሬም አልነገሯትም። ወራት አልፈው መምሬ ተክሌ መስቀሉን በራሳቸው እጅ ይዘው፣ ራሳቸው ለቀቁት። ያሳለሙት ሶፊያን ብቻ አልነበረም፤ እኔንም አሳልመውኛል። ሲሰናበቱ ግን የመጨረሻውን ምርቃት የሰጡት ለሷ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሶፊያ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። አዲስ አበባ ትልቅ ሆስፒታል አገኘች። ማሽኑን ይዛው እንድትሄድ ብነግራት እዚህ ይበልጥ ያስፈልጋል ብላ ለኔ ተወችልኝ። ድርጅቱም በጊዜው ዕቃውን ጠቅልሎ ወጣ፤ እኔ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ተዛወርኩ፤ በረዳትነት ሠርቼ ጡረታ ደረስኩ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ሥራ ቦታዬ አንድ ጥግ ላይ ግልገሏ አልጠፋችም። አለቆቼ አንዳንዶቹ ሳቁብኝ፣ አንዱ ማሽኑን አስነሳኝ፣ ሌላው መልሶ አስቀመጠልኝ። እኔ ታዲያ ጣት በተነሳ ቁጥር ደስታውን ግማሹን ለሶፊያ የምከፍል ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ከሩቅ ሆና ትወስድብኛለች።

እንግዲህ ለጠየቀችኝ ልጅ፤ አዎ፣ ይረባል። ጤነኛ ሰው ቶሎ ይጨርሰውና ይሰለቸዋል፤ አልፈርድበትም። የተጨበጠ እጅ ያለው ሰው ዘንድ ግን ውሰጂው። ከጎኑ ተቀመጪ፣ ፊቱን እዪ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ጋሽ አስናቀ ራሳቸው ታመሙ። ግማሽ ጎናቸውን ያዛቸው፤ ነገር ይዘባርቃሉ፣ ሰውም ይሳሳታሉ። ባለቤታቸው ላኩብኝና ሄድኩ። እጄን ከሰል ላይ አሞቅሁ፤ ደህናውን እጃቸውን መጀመሪያ ያዝኩ። ወንድሙ ያው እንደድሮው ጠንካራ ነበር። ቀኙ ግን ተቆልፏል። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ አሸኋቸው፣ ምንም አልሆነም። አንድ ቅዳሜ ማሽኑን በቅርጫት ይዤ ሄድኩና በነሱ ቴሌቪዥን ላይ ሰካሁት። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ እጄን ከክንዳቸው ሥር አስገብቼ፣ ሳላስበው «አብሽሩ ጋሼ» አልኳቸው።

ፊታቸው ተፍታታ። ጣታቸው ቁልፉ ላይ ላላ፣ ግልገሏም ዘለለች። እንደ ልጅ ሳቁ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ።

«ሶፊያ» አሉኝ።

ላርማቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። «አቤት ጋሼ» አልኳቸው።

«ዘነቡን እንዳትቀየሚያት» አሉኝ፤ ቃሉ ከአንደበታቸው እየተጎተተ። «እሷ ከባድ ካልሆነ ሥራ አይመስላትም። እንዲህ ያደረግኳት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጎበዝ ብያት አላውቅም። ጎበዝ ነበረች።»

«እሺ ጋሼ፣ አልቀየማትም» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ወደ ግልገሏ መለሱ። እኔ ክንዳቸውን እንደያዝኩ ቀረሁ። የሰሙ ሽታ፣ የቱቦው ወላፈን፣ የእትዬ ጥሩዬ እጅ ባለበት በዚያ ሁሉ ዘመን የጠበቅኩት ቃል በመጨረሻ ተነግሮ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ በጆሮዬ ሰማሁት። ያን ጊዜም እንኳ ሶፊያ ላይ ቀናሁ፤ የነገሩት ለሷ ነበርና።